የዓሣው ዋስ

በእኛ ገበያ በሬ ስትገዛ ሻጩ ዋስ ይጠራልሃል። እሱንም አንተንም የሚያውቅ ሰው መሀል ገብቶ ይቆማል፤ «ይህ በሬ የስርቆት አይደለም፤ ነገ ባለቤት ነኝ ባይ ቢመጣ ተጠያቂው እኔ ነኝ» ይላል፤ ከዚያ ገመዱ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ዋስ ያልተጠራበትን በሬ፣ የፈለገ ቢያምር፣ እኔ አልነካውም። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ በግና በሬ ስነግድ ነው የኖርሁት። ትምህርቱን ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው የተውሁት፤ በዋስ ግን ተታልዬ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ልጄ ውዳሴ በስልክ ዓሣ ልትገዛ ስትነሳ «ሻጩ ዋስ ይጥራ» አልሁ። ሳቀችብኝ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ዓሣው የሚበላ አይደለም። መስታወት ውስጥ እየዋኘ የሚታይ የጌጥ ዓሣ ነው። ጋፒ ይሉታል፤ ከጣት አንጓ አይበልጥም፣ ጅራቱ እንደ ሐር ሻሽ ይዘናፈላል፣ እንደ ጥንቸል ይራባል። ውዳሴ ይህን ሁሉ ከስልኳ ላይ አጠናች። ሠፈራችን ያለው አሉሚኒየም ሠሪም መስታወቱን በሲሊኮን አጣብቆ ሠራላት። «አርብቼ ለሆቴልና ለካፌ እሸጣለሁ» አለች። አንድ የሆቴል ባለቤትም «ካደረስሽልኝ እወስዳለሁ» ብሏታል።

ለእኔ ዓሣው ዓሣ አልነበረም። ውዳሴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልሆነላትም፤ ከዚያ ወዲህ ቤት ነው የምትውል። ላቀው የሚባል ደላላ አለ፣ ልጃገረድ ወደ ዓረብ አገር የሚልክ። ፓስፖርቷን አስወጥታ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣለች። «እማ፣ ዓሣው ከሆነልኝ እቀራለሁ። ካልሆነ ከግንቦት ልደታ ማግስት ከላቀው ልጆች ጋር እወጣለሁ» አለችኝ፤ ስትለኝም ዓይን ዓይኔን እያየች ነው። የጎረቤቴ የእህተ ማርያም ልጅ በዚሁ ላቀው በኩል ሄዳ፣ ድምጿን ከሰማን ሁለት ፋሲካ አለፈ። እህተ ማርያም ስልክ በጮኸ ቁጥር ሊጥ የነካ እጇን ሳትጠርግ ትሮጣለች። እኔ እንደዚያ መሮጥ አልፈልግም።

ከጾሙ በፊት ውዳሴ አንድ ጊዜ ተበልታለች። ቴሌግራም ላይ ያገኘችው ሰው «ቅድሚያ ላኪ» አላት፣ ላከች፣ በማግስቱ ሰውየው ከነዓሣው የውሃ ሽታ ሆነ። ከዚያ ስንት ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ሁለተኛ ብትበላ ላቀው መጥቶ እንደሚወስዳት እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ የአሁኑን ግዢ እኔ ያዝሁት።

ሁለት ሻጮች አገኘን። አንደኛው ገነነ ይባላል፣ ባሕር ዳር ነው ያለው፣ አነጋገሩ እንደ ኬላ ጠባቂ ነው።

«እትዬ፣ ውሃው ምን ያህል ቆየ?» አለኝ ገና ሰላም ሳይለኝ።

«የምን ውሃ?»

«መስታወቱ ውስጥ ያለው።»

«ዛሬ ጠዋት ነው የሞላነው። ንጹሕ የቧንቧ ውሃ።»

«እንግዲያው አልሸጥልዎትም። በዚያ ውሃ ላይ ዓሣ ላክሁልዎት ማለት ሬሳ ላክሁልዎት ማለት ነው። ውሃው መብሰል አለበት።»

«ውሃ ደግሞ እንደ ጎመን ይበስላል? ልጥደው ነው?»

«ሳምንታት ይፈልጋል። ሲበስል ይደውሉ።»

«ቆይ እስቲ፣ ዋስ አለህ?»

«የምን ዋስ? የምሸጠው ዓሣ ነው፣ በሬ አይደለም!» ብሎ ዘጋብኝ።

ገዢ እጁ ላይ መጥቶለት አልሸጥም የሚል ነጋዴ ያኔ ገና ማየቴ ነው። «ይሄ ዓሣም የለው» አልሁ። ውዳሴ ግን «እማ፣ ስለ ውሃችን የጠየቀን እሱ ብቻ እኮ ነው» አለች። አልሰማኋትም።

ሁለተኛው ክንዱ ነኝ ይላል። የሱ አፍ ማር ነው። «እናቴ» ብሎ ይጀምራል፣ «እናቴ» ብሎ ይጨርሳል። ውሃው ዛሬ ቢሞላም ችግር የለውም፤ ዓሣው በላስቲክ ታስሮ፣ አየር ተሞልቶለት፣ በአውቶቡስ ይመጣል፤ ዋጋውንም ለእኔ ሲል ይቀንሳል። ዋስ ስለው ቅር እንኳ አላለውም።

«ዋስማ ደንብ ነው እናቴ! ቡሬ ላይ ዲያቆን ክንፈሚካኤል አለልዎት፣ ከእኔ የገዛ። አሁን ይደውልልዎታል።»

እውነትም ደወለ። ድምፁ የቀዳሽ ድምፅ ነው። ሰላምታውን በግእዝ ጀመረ፣ የሚያገለግልበትን ደብር በስሙ ጠራ፣ የክርስትና ስሜን ጠይቆ በጸሎት አስባለሁ አለኝ። «ክንዱ እንደ ወንድሜ ነው፤ ዓሣው ባይደርስዎት እኔን ይጠይቁኝ» ብሎ ቃሉን ሰጠ። ዋስ ማለት ይህ ነው እንግዲህ። ስልኩን ዘግቼ ውዳሴን «ነገ ስድስት ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ሳይነሳ ገንዘቡን ላኪለት» አልኋት።

«እማ፣ እኔ አልወደድሁትም። ዓሣውን አሁን በቪዲዮ አሳየኝ፣ ጣትህንም ውሃው ውስጥ ንከር ብዬው ካሜራዬ ተበላሽቷል አለኝ። የላከው ፎቶ ደግሞ የሌላ ሰው ነው፤ የፈረንጅ ቤት እኮ ነው ከጀርባው የሚታየው።»

«ዋስ አለው አልሁሽ።»

«ድምፅ ነው ያገኘሽው፣ ሰው አላገኘሽም።»

«ዲያቆን ነው! ላኪ ብዬሻለሁ ላኪ! ካልላክሽ በዚህ ቤት የዓሣ ወሬ እንዳይነሳ፤ መስታወቱንም ጫጩት አገባበታለሁ።»

እኔ አንድ ጊዜ ከተናገርሁ እንደማልመለስ ታውቃለች።

በማግስቱ የቡሬ ገበያ ነበር። ሁለት በግ ልገዛ ስነሳ አንድ ሙሉ ጣሳ ማር ያዝሁ። ለቆመልህ ዋስ አንድ ነገር ማቅመስ የእኛ ወግ ነው፤ ዋሱን በባዶ አፉ ማሰናበት ነውር ነው። ዲያቆኑን አመስግኜ፣ ማሩን ሰጥቼ፣ ከዚያ ወደ በጎቹ እሄዳለሁ ብዬ አሰብሁ። ልጠረጥረው አልነበረም የሄድሁት። ላከብረው ነበር።

ከደብሩ ቅጥር ስገባ አንድ ሽማግሌ መርጌታ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ተማሪዎቻቸውን ያስቀጽላሉ። ገብረ ኢየሱስ እንደሚባሉ ኋላ ነው ያወቅሁት። ሰገድሁና ጠየቅኋቸው።

«ዲያቆን ክንፈሚካኤልን ፈልጌ ነበር መርጌታ።»

«የትኛውን ክንፈሚካኤል ልጄ?»

«ዓሣ ያለውን።»

ተማሪዎቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። መርጌታ አልሳቁም። «ዓሣ የነበረው ጴጥሮስ ነው፤ እሱም መረቡን ጥሎ ሄዷል። ከእኛ ደብር ክንፈሚካኤል የሚባል ዲያቆን የለም። ማን ነው ያለሽ?»

«እሱ ራሱ፣ በስልክ። ዋስ ሆኖኝ ነው።»

«ለምን ነገር?»

«ለዓሣ።»

አንደኛው ተማሪ መያዝ አቅቶት ፈነዳ። መርጌታ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አደረጉና ዝም አሰኙት። «እስቲ ደውይለት፤ ድምፁን ከፍ አድርገሽ» አሉኝ።

ደወልሁ። ወዲያው አነሳ። «ጤና ይስጥልኝ እናቴ፣ እንደምን አደሩ!» አለ በዚያው ድምፁ።

መርጌታ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ዲያቆን፣ ወዴት ነህ አሁን?»

«ደብሩ ውስጥ ነኝ አባቴ። አሁን ከቅዳሴ መውጣቴ ነው።»

«እኔም እዚያው ነኝ። ዛሬ እኮ አልተቀደሰም። የዚህ ሳምንት ሰሞነኛ ማን ነው?»

በስልኩ ውስጥ መኪና ሲጮህ፣ ሰው ሲሳደብ ብቻ ይሰማል።

«ከዛፉ ሥር ተቀምጠናል። ብቅ በል፤ ማር ይዘውልህ መጥተዋል» አሉት መርጌታ።

ተዘጋ። ደግሜ ስደውል አይሠራም።

ጣሳውን እዚያው ለተማሪዎቹ ትቼ፣ ወደ ደጀ ሰላሙ እየሮጥሁ ውዳሴ ጋ ደወልሁ። «የደወሉላቸው ደንበኛ ስልክ ዝግ ነው» ትላለች ሴትዮዋ። ደግሜ ደወልሁ። ያችው ሴትዮ። ኔትዎርኩ ይሆናል ብዬ ስልኩን ወደ ሰማይ አነሳሁት። መርጌታ ከኋላዬ «ቀስ ልጄ፣ ትወድቂያለሽ!» ይላሉ። ፀሐዩ አናት ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው።

መናኸሪያ ስደርስ የፍኖተ ሰላሙ ሚኒባስ ግማሹ ባዶ ነው። ረዳቱ በሩ ላይ ተደግፎ ሸንኮራ ይመጥጣል።

«የምትነሱት መቼ ነው?»

«ሲሞላ ነዋ እትዬ።»

«ልጄ ልትበላብኝ ነው፣ ንዳ በለው!»

«ማን ነው የሚበላት? ጅብ በቀን አይወጣ» አለና ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ግን ሸንኮራውን ጣለው። «ምን ሆነው ነው?»

«ለሌባ ገንዘብ ልትልክ ነው፣ እኔ ነኝ ላኪ ያልኋት፣ ስልኳ አይሠራም!»

ረዳቱ ሾፌሩን አየው። ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ፣ ሳይሞላ አይነሳም። ከመናኸሪያው ወጥቼ ወደ አስፋልቱ ሮጥሁ፤ በርበሬ የጫነ አይሱዙ ሲያልፍ እጄን ዘርግቼ መንገዱ መሀል ቆምሁ። ሾፌሩ ተሳድቦ አቆመ፤ ሳላስፈቅደው ጋቢና ገባሁ።

መንገዱን አላየሁትም። የምደውለውን ብቻ ነው የማስታውሰው። ኬላ ላይ አስወርደው መታወቂያ ጠየቁን፤ ሰልፉ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ፀጥታ በጠፋበት ዘመን መንገድ ሲዘጋም ሲከፈትም ማንም አስቀድሞ አይነግርህም፤ ዛሬ ክፍት መሆኑም ዕድሌ ነበር። ቆሜ የማስበው ስለ ገንዘቡ አልነበረም። በግ ሸጬ እተካዋለሁ። የማስበው ውዳሴ ልካ፣ ጠብቃ፣ ማታ ሰውየው ስልኩን ሲዘጋባት የምትሆነውን ነው። ያን ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳ አታዞርም። ወደ ላቀው ነው የምታዞረው። የገፋኋትም እኔ ነኝ፤ እሷ እምቢ እያለች።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። ቤቴ ተቆልፏል። እህተ ማርያም ከአጥሩ ወዲያ ቁልፉን እያሳየች መጣች።

«ውዳሴ ሰጥታኝ ነው የሄደች። ቦርሳ አንግባለች።»

«ወዴት?»

«መች ትነግረኛለች! ፊቷ ጥሩ አልነበረም። ንግሥቴ… የእኔዋም እንደዚያ ሆና ነው የወጣችው።»

በሩን ከፍቼ ገባሁ። መስታወቱ ውስጥ የአየር ሞተሩ ባዶውን ውሃ ቡልቅ ቡልቅ ያደርገዋል። የሣጥኑ ክዳን ተከፍቷል። እጄን ሰድጄ ፈለግሁ፤ ልብስ አገላበጥሁ። ፓስፖርቱ የለም።

ባጃጅ ላይ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። መናኸሪያ ስገባ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው እየሮጥሁ በመስኮት እያየሁ «ውዳሴ! ውዳሴ!» እላለሁ። ሰው ያፈጥብኛል። የአዲስ አበባውን መኪና ከፊት እስከ ኋላ ፈተሽሁት፤ የላቀው ልጆች በዚያ ነው የሚሄዱት። የለችም። ከዚያ ከወዲያኛው ጥግ «እማ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የባሕር ዳሩ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር፣ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች።

በበሩ ግማሽ ገላዬን አስገባሁ። «ላክሽለት?»

አንገቷን ደፋች። «እማ፣ አትቆጭኝ።»

«ላክሽለት ወይ!»

«አልላክሁም።»

የመኪናውን በር ያዝሁ። «ስልክሽስ?»

«አጠፋሁት። ብትደውይ ላኪ ትይኛለሽ፤ ከጮኽሽብኝ ደግሞ እልካለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።»

«ፓስፖርቱንስ ምን አደረግሽው?»

«የቀበሌ መታወቂያዬ ጊዜው አልፏል። ኬላ ላይ ምን ላሳይ? ባሕር ዳር ነው የምሄደው እማ። ገነነ ጋ። ዓሣውን በዓይኔ አይቼ፣ ውሃውን በእጄ ነክቼ መምጣት ነው የምፈልገው። እሱም ውሸታም ከሆነ አውቄ ልወቀው። ከዚያ በኋላ ወደ ላቀው እሄዳለሁ፤ ግን ሳላይ አልሄድም።»

ሰው ሁሉ ይሰማናል። መናገር ግን ነበረብኝ። «ዲያቆን የሚባል የለም» አልሁ። «ቡሬ ሄጄ ነው የመጣሁት። ዋሱም ያው ሌባው ነው።»

ውዳሴ አየችኝ። «ዋሱን ልታመሰግኚ ሄደሽ ነው?»

«ማር ይዤ።»

ከንፈሯን ነከሰች፤ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየሁም። ከፊቷ የተቀመጡ ሽማግሌ ዞር ብለው «ዘንድሮ ደግሞ ለዓሣም ዋስ ይጠራል?» አሉ። መኪናው በሳቅ ተናጋ። እኔ አልሳቅሁም።

«እትዬ፣ ሞልቷል፤ ወይ ይግቡ ወይ ይልቀቁን» አለ ረዳቱ። የት ልግባ? አንድም ወንበር የለም።

ውረጂ ልላት አፌን ከፍቻለሁ። መንገዱ ክፉ ነው። ብቻዋን ናት። ገንዘቡም ስልኳ ላይ፣ ፓስፖርቱም ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ከባሕር ዳር ወዴት እንደምትሄድ ማን ያውቃል? ወረደች ማለት ግን ለምን ወረደች? እናቷ ስለጮኸች። ትናንት የጮኽሁት ጩኸት ደግሞ ወደየት ሊወስዳት እንደነበር አይቻለሁ።

«አክስትሽ ሰብለ ቤት እደሪ» አልኋት። «ስልክሽን ክፈቺው። እኔ አልደውልም፤ አንቺ ደውይ።»

«እሺ እማ።»

በሩን ራሴ ዘጋሁት። መኪናው ሲወጣ አቧራው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ማታ አልተርከውም። ስልኩ ሲጮህ ግን እጄን ሳልጠርግ ነው የሮጥሁት። «ደርሻለሁ» ብቻ ብላ ዘጋች፤ ሌላ ልጠይቅ ጊዜ አልሰጠችኝም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በሩን ገፍታ ገባች። እጇ ላይ በላስቲክ የታሰረ ነገር አለ። ዓሣ ነው ብዬ ዘለልሁ። ከፍቼ ሳየው የቆሸሸ፣ ጭቃ የመሰለ ስፖንጅ ነው፤ ሽታውም እንደ ረግረግ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ከገነነ ትልቁ መስታወት ማጣሪያ ላይ የወጣ ነው። በነጻ ሰጠኝ።»

«ዓሣውስ?»

«አልሸጥልሽም አለኝ። አለው እማ፣ ቤቱ ሙሉ ዓሣ ነው፣ ጣቴን እየነከሱ! ግን ውሃችን ሳይበስል አንድም አይሰጠኝም። ቆሻሻው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ፍጥረቶች አሉ፤ የዓሣውን ጉድፍ የሚበሉት እነሱ ናቸው። እነሱ ውሃችን ውስጥ ሲባዙ ነው በሰለ የሚባለው። በየሳምንቱ ቪዲዮ ልኪልኝ፣ ውሃው ደርሷል ስልሽ ነይ ብሎኛል።»

ባሕር ዳር ድረስ ሄዳ እዳሪ የመሰለ ስፖንጅ ይዛ መጣች! ልቆጣ ነበር፤ እጅጌዋን ሰብስባ ስፖንጁን ውሃው ውስጥ ስታስገባ አየኋትና ተውሁት። ያን ንጹሕ የቧንቧ ውሃ አጠቆረችው።

የግንቦት ልደታ ዕለት ላቀው ራሱ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ የመኪናውን ቁልፍ ያሽከረክራል።

«ውዳሴ፣ ልጆቹ ነገ ሊነጋጋ ሲል ይወጣሉ። ዕቃሽን አዘጋጀሽ?»

ውዳሴ ክንዷን እስከ ክርኗ ውሃ ውስጥ ከታ ጠጠር ታስተካክላለች። ዞር አላለችም።

«ውሃዬ ገና ነው ጋሼ ላቀው።»

«የምን ውሃ?»

«ገነነ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቀረዋል ብሏል። ትቼው ብሄድ ይበላሻል።»

ላቀው ጠጋ ብሎ መስታወቱን ፈተሸ። ከላይ አየ፣ ከጎን አየ። «ምንም የለበትም እኮ!»

«አዎ፣ ገና ነው አልሁዎት።»

«ባዶ ውሃ ልትጠብቂ ነው የምትቀሪ?» ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ ንግሥቴ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ ይምከሯት እንጂ። ይኼ ነገር ባይሆንስ? ይሆናል ብሎ የነገራትን ሰው እርስዎ ያውቁታል?»

አላውቀውም። ገነነን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ የሚያውቀው ሰውም አላውቅም። ያየችው ውዳሴ ናት። የመቀመጫ ዱካውን ስቤ ከመስታወቱ ፊት ተቀመጥሁና ያን የጠቆረ ውሃ ማየት ጀመርሁ።

«እሷ ታውቀዋለች» አልሁት። «አንተ ደግሞ ራቅ በል፤ ጥላህ ውሃው ላይ አረፈ።»